ዱቡ ጆሪም እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ዱቡ ጆሪም ኮሪያ ውስጥ በየቤቱ የሚሠራ የሩዝ ማባያ ነው፤ ቶፉው፣ ማለትም ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋው አይብ መሰል ምግብ፣ ይጠበስና የሶያ ሶስና የበርበሬ መረቅ እስኪጠጣ ይንተከተካል። ሥጋም ቅቤም ስለሌለበት ጾም ሲገባ ጥያቄው ይበዛብኛል። አሠራሩን ታውቁታላችሁ ብዬ የሚበላሽበትን ብቻ እጽፋለሁ።

ቶፉው ከመጥበሻው ይጣበቃል፣ ይፈራርሳል፣ ውስጡ አልጫ ነው

ሦስቱም አንድ ችግር ናቸው፤ ምክንያታቸው ውሃ ነው። የቶፉ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው። ሳይደርቅ ዘይት ውስጥ ከገባ መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ቶፉው መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል፣ ቆዳ ሳይዝ ከብረቱ ጋር ይያያዛል። ስትገፉት ይላጣል። መረቁ ሲገባ ደግሞ ይበታተናል፤ ውሃ የሞላበት ስለሆነ ጨውና ቅመሙም ውስጡ አይዘልቅም።

ጥፋቱ የመጥበሻው ነው ብላ መጥበሻ ላይ መጥበሻ የምትገዛ ጓደኛ ነበረችኝ። ቤቷ ሄጄ ሳያት ቶፉውን ከነውሃው ከእሽጉ አውጥታ፣ ቆርጣ፣ በቀጥታ ዘይት ላይ ታስቀምጠዋለች። ዘይቱ እስከ ግድግዳው ይፈናጠራል። የቀረውን ግማሽ አድርቀን በዚያው በጣለችው አሮጌ መጥበሻ ጠበስነው፤ አንድም አልተሰበረ። ሌላ ወዳጄ ደግሞ የሚገዛው ሱንዱቡ ነበር። እሱ በማንኪያ የሚጠጣ የሾርባ ቶፉ ነው፤ ምንም ብታደርጉት አይጠበስም። ኮሪያ ውስጥ እሽጉ ላይ «ቡቺምዮንግ»፣ ማለትም ለመጥበሻ የሚሆን፣ የሚለውን ፈልጉ። ሌላ አገር ያላችሁ «ፈርም» ወይም «ኤክስትራ ፈርም» የሚለውን ያዙ።

ቶፉውን አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል አወፍራችሁ ቁረጡ። ደረቅ ጨርቅ ወይም የወጥ ቤት ወረቀት ላይ ደርድሩት፣ በሁለቱም ወገን ደቃቅ ጨው ነስነስ አድርጉበት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተዉት። ላዩ ላይ እንደ ላብ ጠብታ ይወጣል። ያንን ጥርግ አድርጉ፣ በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ድንጋይ አትጫኑበት፣ ይሰነጠቃል። ጨርቁ የሳሙና ሽታ ካለው አትጠቀሙበት፤ ቶፉ ሽታ ይስባል፣ ከሳበም አይለቅም።

መጥበሻው መጀመሪያ ይጋል፣ ዘይቱ ይከተል፣ ዘይቱም ሲግል ቶፉው አንዱ ከሌላው ሳይነካካ ይደርደር። መካከለኛ እሳት። ከዚያ በኋላ አትንኩት። ማንኪያችሁን አስቀምጡ። አራት አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ መጥበሻውን ነቅነቅ አድርጉ፤ ቶፉው ከተንሸራተተ ግልብጡት፣ ካልተንሸራተተ አልደረሰም። ስትጠብሱ አትክደኑት፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ያረጥበዋል።

ጨው በዛ

ኮሪያዎች ሁለት ዓይነት ሶያ ሶስ አላቸው። ጉክጋንጃንግ የሾርባ ነው፤ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፣ ጨውነቱ ግን ይበልጣል። ለዚህ ምግብ የሚሆነው ጂንጋንጃንግ ነው። ለ400 ግራም ቶፉ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስና ግማሽ ኩባያ ውሃ ይበቃል። መረቁ እየወፈረ ሲሄድ ጨውም እንደሚጨምር አስቡ፤ ሲጀመር ቀምሳችሁ «አነሰ» ብላችሁ አትጨምሩ። አንዴ ከበዛ ውሃና ወፍራም የሽንኩርት ቁራጭ ጨምሩበት።

መረረ

በርበሬው ወይም ነጭ ሽንኩርቱ አሯል። ቁሌት የለመደ እጅ በርበሬውን ትኩስ ዘይት ላይ ይጥለዋል፤ ጎቹጋሩ የሚባለው የኮሪያ በርበሬ ግን ይህን አይችልም። ሶያ ሶሱን፣ ውሃውን፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጎቹጋሩ፣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ስኳር ሳህን ውስጥ አዋህዱ፤ እሳቱን ቀንሳችሁ አንድ ላይ አፍስሱት።

ወጥ ወጥ አለ

በርበሬ አስገብታችኋል። የእኛ በርበሬ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላው ሁሉ አለበት፤ የሚጣፍጥ ነገር ይወጣችኋል፣ ዱቡ ጆሪም ግን አይደለም። ሚጥሚጣማ ጭራሽ አይሞከርም። ጎቹጋሩ ካጣችሁ ቅመም ያልገባበት ዛላ በርበሬ ፍሬውን አራግፋችሁ ሻከር አድርጋችሁ ፍጩት። ከሱቅ የምትገዙትም ቀለሙ ወደ ቡናማ ከሄደ ተዉት፤ አሮጌ በርበሬ እየሸጡ በገንዘባችን መጫወታቸው ያናድደኛል።

መረቁ ቀጠነ

ክዳኑን አንሱ። መረቁን በማንኪያ እየቀዳችሁ ቶፉው ላይ አፍስሱ፣ ሥሩ ላይ ሁለት ሦስት ማንኪያ ሲቀር አውርዱ።

የሰሊጥ ዘይቱ አይሸትም

ወይ ቀድማችሁ ጨምራችሁታል፣ ወይ ካልተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀ ነው። የኮሪያው ከተቆላ ሰሊጥ ስለሚወጣ ጠቆር ይላል። ሌላ ዘይት የተቀላቀለበትም ስላለ ጀርባውን አንብቡ። የሚጨመረው ከእሳት ሲወርድ ነው፣ ከተቆላ ሰሊጥና ከሽንኩርት ቅጠል ጋር።

ለጿሚዎች፦ ብዙ ኮሪያዊ ቤት በውሃው ፋንታ የደረቀ የትንሽ ዓሣ መረቅ ይገባል። የታሸገ መረቅ ከገዛችሁ ይህን እዩ፤ ዳሲማ የሚባለውን የባሕር አረም ውሃ ውስጥ ብትዘፈዝፉ ይተካዋል።

ቶፉው ኮምጠጥ ካለ ወይም እሽጉ ከተነፋ ጣሉት፤ መጥበስ አያድነውም። በረዶ ሠርቶ የቀለጠ ከሆነ እንደ ስፖንጅ ይሆናል፤ ይበላል፣ መረቅ ግን በብዛት ይጠጣል።

በነጋታው ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ጠንከር ቢል ብልሽት አይደለም፤ ኮሪያዎች እንዲሁ ቀዝቃዛውን ከትኩስ ሩዝ ጋር ይበሉታል። ማሞቅ ካማራችሁ አንድ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ በዝቅተኛ እሳት፣ ሳታገላብጡ።