የእድር ሒሳብ ስትመረምሩ "ሐቀኛው ዲክ"ን አስታውሱ

አዳማ ውስጥ የእድራችን ቁጥጥር ኮሚቴ አባል ነኝ። ጡረታ ሳልወጣ የሒሳብ መርማሪ ነበርኩ። አዲስ የተመረጡ ልጆች መጥተው "እትዬ፣ ከየት እንጀምር?" ይሉኛል። ከአሜሪካ እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሹማምንት የመንግሥት ገንዘብ የበሉበትን መንገድ ያወቀ ሰው፣ የሰፈር ደብተር አያሞኘውም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ጥሬ ገንዘቡን ቁጠሩ። ቀን አትቁረጡ፤ ድንገት ሂዱ። ጄምስ ቴት የኬንታኪ ግዛት ገንዘብ ያዥ ነበር። ሕዝቡ "ሐቀኛው ዲክ" ይለዋል። 20 ዓመት ያህል ደጋግመው መረጡት። በማርች 1888 ወደ 100,000 ዶላር የሚሆን ወርቅና ብር በከረጢት ሞልቶ፣ ሉዊቪል ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ። በዚያው ቀረ። ሲጣራ የጎደለው ወደ 247,000 ዶላር ነው። ካዝናው ውስጥ የተረፈው ለወዳጆቹ ያበደረበት ወረቀት ነበር።

እድር ላይም የሚያጋጥማችሁ ይኸው ወረቀት ነው። "ለእገሌ ነው፣ ደመወዝ ሲወጣ ይመልሳል" ትባላላችሁ። ወረቀቱን እንደ ገንዘብ አትቁጠሩት። ለብቻ አስቀምጡና "የጎደለ" ብላችሁ ጻፉ። ገንዘብ ያዡ ይቀየማል። ይቀየም! ኬንታኪ ከቴት በኋላ በ1891 ሕገ መንግሥቷ ዋና ዋና ተመራጮች በተከታታይ እንዳይመረጡ ከልክላ ነበር። እናንተም ደንባችሁ ላይ የገንዘብ ያዡን ዘመን ገድቡ። "እሱን የመሰለ ታማኝ ከየት ይመጣል?" የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም።

ቀጥሎ ወጪ። ደረሰኝ ማየት ብቻውን ምንም አይሠራም። ኒው ዮርክ ውስጥ የፖለቲካ አለቃው የትዊድ ቡድን ፍርድ ቤት ሲያስገነባ ሁሉም ነገር ደረሰኝ ነበረው። አንድ የልስን ሠራተኛ ለ2 ቀን ሥራ 133,187 ዶላር ተከፍሎታል። አንድ አናጺ ደግሞ እንጨት እንኳ ብዙም በሌለው ሕንፃ ለ1 ወር ሥራ 360,751 ዶላር ወስዷል። ስለዚህ ደረሰኙን ይዛችሁ ዕቃው ያለበት ድረስ ሂዱ። "ለድንኳን ጥገና" የሚል ካለ ድንኳኑን አስወጥታችሁ ዘርጉት። የአዳማ ንፋስ ድንኳን እንደሚቀድ አውቃለሁ፤ የተሰፋ ከሆነ ግን ስፌቱ ይታያል። ወንበሩንም ድስቱንም ቁጠሩ።

ትዊድን ያስያዘው ፖሊስ አልነበረም። በ1871 መጀመሪያ የትዊድ ቡድን የሚያምነው የሒሳብ ሹም ዋትሰን በበረዶ ጋሪ አደጋ ሞተ። ከዚያ መዝገብ ያዡ ኦሩርክ ቁጥሮቹን ገልብጦ አወጣ፣ ጋዜጣም አተመው። ለዚህ ነው የእድሩ ጸሐፊ ከገንዘብ ያዡ የተለየ የራሱ መዝገብ ይኑረው የምለው።

አሁን ወደምወደው እንምጣ፤ ገቢ። ገቢን ከእድሩ ደብተር አትጀምሩ፤ ሌባ መጀመሪያ የሚያስተካክለው እሱን ነው። ሴንት ሉዊስ ውስጥ ውስኪ ጠማቂዎችና ቀረጥ ሰብሳቢዎች ተመሳጥረው፣ በጋሎን 70 ሳንቲም የነበረውን ቀረጥ ይቀራመቱት ነበር። የግምጃ ቤት ሚኒስትሩ ብሪስቶ የራሱን መሥሪያ ቤት ሰዎች አላመነም። በስውር፣ የንግድ ዜና የሚሰበስብ በመሰለ ሰው በኩል፣ ከከተማው የተጫነውን ውስኪ መጠን አስለቀመ። ከቀረጡ መዝገብ ጋር ሲያስተያየው ጉዱ ፈላ። በ1875 ያዛቸው። 110 ሰው ተፈረደበት፤ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተመለሰ።

እናንተም አባላቱን "ካርድ ልናድስ ነው፣ አምጡ" በሏቸው። ምክንያቱን ለማንም አትንገሩ። ካርዱ ላይ የተከፈለው ወር ደብተሩ ላይ ከሌለ፣ ገንዘቡ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የባንክ መግለጫውንም ራሳችሁ ከባንክ ውሰዱ፤ ገንዘብ ያዡ ያመጣላችሁን አትቀበሉ።

ስለ ርክክብ ብዙ አልልም። የኒው ዮርክ ወደብ ቀረጥ ሹም ስዋርትዋውት በ1838 ሥራውን ለቆ አውሮፓ ከገባ በኋላ ነው ወደ 1.2 ሚሊዮን ዶላር መጉደሉ የታወቀው። እናንተ ሰውየው ሳይሄድ አረካክቡ። ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፤ ባንክ ክፍት ነው። በእጅ ያለውን ገንዘብ በዚያው አስገቡና ደረሰኙን ከቃለ ጉባዔው ጋር አያይዙ።