በሁለት ሰው ካያክ ላይ ወገብ ሲያምም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በቸርችል ጎዳና አቅራቢያ ባለችው የጥገና ክፍሌ በአየር የሚነፉ ካያኮችን (በመቅዘፊያ የሚሄዱ ጠባብ ጀልባዎችን) እጠግናለሁ። ከባቦጋያም ሆነ ከላንጋኖ የሚመለሱ ጥንዶች አብዛኛውን ጊዜ ይዘውት የሚመጡት ቅሬታ የቀዳዳ ሳይሆን የወገብ ሕመም ነው። ቫልቩ መጥበቁን እንዳያችሁና በሳሙና ውሃ ቀዳዳ እንደፈለጋችሁ ቆጥሬ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ምልክት፦ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወገብ ያማል፣ ሰውነት ወደ ፊት ይንሸራተታል

ብዙዎች ጥፋቱን በመደገፊያው ላይ ጥለው ስፖንጅ ይጨምሩበታል። መንስኤው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው እግር ላይ ነው። እግር የሚረግጠው ነገር ሲያጣ ጉልበት ይዘረጋል፤ የተወጠረው የኋላ ጭን ጡንቻ ዳሌን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ የታችኛው ወገብ ይጎብጣል፤ ቀዛፊውም በየጊዜው ራሱን ወደ ቦታው እየመለሰ ይደክማል። መደገፊያው የቱንም ያህል ቢለሰልስ ይህን አያስተካክልም።

አንድ ጊዜ ባልና ሚስት በፊተኛው ወንበር ላይ ድርብ ስፖንጅ አስረው መጡ። ሚስትየዋ «ወንድሜ፣ ሦስተኛ ብትጨምርበት ይሻለኝ ይሆን?» ስትለኝ፣ «እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለታችሁም እንደምትቀዝፉት ተቀመጡልኝ» ብዬ ካያኩን ወለሉ ላይ ነፋሁት። የእሷ እግር የሚያርፍበት ነገር አልነበረውም። የባሏ እግር ግን ማረፊያ አግኝቷል፤ ከፊቱ ያለውን የእሷን መደገፊያ ይረግጥ ነበር። በጨርቁ ላይ የሰንደል ጫማው ቅርጽ በደረቀ ጭቃ ታትሞ ይታያል። በቀዘፈ ቁጥር የሚገፋው የሚስቱን ወገብ እንደሆነ ሁለቱም አላወቁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ የጫማ ምልክት በብዙ ካያኮች ላይ አይቻለሁ፤ የወገብ ሕመም የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው የፊተኛውን መደገፊያ ጀርባ ነው።

ስፖንጆቹን አወጣሁ፤ የእሷን ወንበር ወደ ፊት፣ የእሱን ወደ ኋላ አሸጋሸግሁ፤ ለሁለቱም መርገጫ ሠራሁላቸው። 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ በካያኩ የውስጥ ስፋት ልክ ይቆረጣል፤ ጫፎቹ ወለሉን እንዳይቀዱት በሞረድ ይለሰልሳሉ። ዘለበት ያለው ማሰሪያ በቱቦው ውስጥ አልፎ ከወንበሩ ግራና ቀኝ ካሉት ቀለበቶች ጋር ይያያዛል። ጉልበት በትንሹ እንደታጠፈ የውስጥ እግር ቱቦውን የሚነካበት ርቀት ሲገኝ ማሰሪያው ይጠበቃል። እግር ቱቦውን ይገፋል እንጂ በማሰሪያው ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ካያኩ ቢገለበጥ ተይዞ ይቀራል። ይህን ለማንም ስሠራ እግሩን በፊቴ አውጥቶ እንዲያሳየኝ አደርጋለሁ። በተጨማሪም ከአንዳንድ ካያኮች ጋር የሚመጡት ቀጫጭን የፕላስቲክ ዘለበቶች በጥቂት ጉዞ ስለሚሰነጠቁ፣ ሰው ክብደቱን የሚጥልበት ነገር ላይ እንዲህ ያለ ዕቃ መግጠም ያሳዝነኛል፤ ወፍራሙን ፈልጋችሁ ቀይሩት።

መርገጫው ከተስተካከለ በኋላም ወገብ ከመደገፊያው የሚርቅ ከሆነ የሕይወት አድን ጃኬቱን እዩት። የጀርባው ስፖንጅ እስከ ወገብ ከወረደ መደገፊያው ቦታ ያጣል። መፍትሄው ስፖንጁ ከትከሻ አጠገብ የሚያበቃ ጃኬት መግዛት ነው፤ ጃኬቱን አውልቆ መቅዘፍ መፍትሄ አይደለም።

እግር የሚደነዝዝ ከሆነ ወንበሩ ከልክ በላይ ተነፍቶ ሊሆን ይችላል፤ በእጅ ሲጫኑት እስኪሰረጉድ ድረስ አየር አውጡለት።

ምልክት፦ ካያኩ ውሃ ላይ እንደወጣ ይለሰልሳል

ብዙውን ጊዜ ቀዳዳ አይደለም። ዳርቻው ላይ በፀሐይ የሞቀው አየር ውሃው ሲያቀዘቅዘው ይኮማተራል፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ጨምሩበት። በተቃራኒው ለምሳ ስትወጡ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ጥቂት አየርም አውጡለት፤ ፀሐይ ላይ የተተወ ካያክ በስፌቱ ሊከፈት ይችላል። ወደ ሐይቅ ስትወጡ መንገድ ላይ ጎሚስታ ዘንድ በኮምፕሬሰር አታስነፉት። የመኪና ጎማ ወደ 30 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይይዛል፤ የብዙ ካያኮች የጎን ቱቦ ግን ከ1 እስከ 3 ብቻ ነው፤ ትክክለኛው መጠን ቫልቩ አጠገብ ተጽፏል። ስፌታቸው ከዳር እስከ ዳር የተከፈተ ካያኮች መጥተውልኝ ሳልጠግናቸው መመለስ ግድ ሆኖብኛል። የከመነዳሪ ጎማ ማስቲሽም በፒቪሲ ላይ አይቆይም።

መቅዘፊያዎች ከተጋጩ ፊት ያለው ምቱን ይምራ፣ የኋላው ይከተል። አቅጣጫ ካልጠበቀ ከበድ ያለው ሰው ከኋላ ይቀመጥ፤ ከሥር ያለው ክንፍም መግባቱን እዩ።

ገና ልትገዙ ከሆነ ወንበሮቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሸጋሸጉትን ምረጡ፤ ርዝመቱ ከ3.5 ሜትር ካነሰ ለሁለት አዋቂ ይጠባል። ከመክፈላችሁ በፊት ወለል ላይ አስነፍታችሁ፣ ጃኬቱን ለብሳችሁ፣ ሁለታችሁም 20 ደቂቃ ተቀመጡበት። ወንበሮቹ እስከ መጨረሻው ተራርቀው የኋለኛው ሰው እግር አሁንም የፊተኛውን መደገፊያ ከነካ ያንን ካያክ አትግዙ።