ነርቩ የተሰፋ እጅ ከጤፍ አጨዳ እስከ ሰኔ

ማጭድ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው ጤፉን የጨበጠውን እጅ ነው። የእጁ አንጓ ላይ ተቆርጦ ነርቩ የተሰፋለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ጣቱ ገና ድንዝዝ እንዳለ ነው። ስፌቱ አልያዘም ማለት አይደለም። የሚሰፋው የነርቩ ሽፋን ነው፤ በውስጡ ያለው ክር ከተቆረጠበት ጀምሮ እንደ አዲስ ያድጋል፣ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከጠባሳው እስከ ጣት ጫፍ በማስመሪያ ይለኩ። 18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 180 ቀን፣ ለመነሻው አንድ ወር ሲታከልበት 7 ወር። ኅዳር ላይ የተሰፋ እጅ ሰኔን ይጠብቃል።

ሰዉ ሁሉንም «ጅማት» ይለዋል፤ ጅማት ግን ጡንቻን ከአጥንት የሚያያዘው ገመድ ነው፣ ነርቭ ደግሞ ስሜትንና ትእዛዝን የሚያመላልሰው። ስለዚህ ሐኪሙን የተሰፋው ጅማት ነው፣ ነርቭ ነው ወይስ ሁለቱም ብለው ይጠይቁ፤ አያያዙ ይለያያል። ነርቭ ብቻ ከሆነ ጀሶው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይቆያል። ጅማትም ካለበት ጣቶቹ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መሪነት በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ከ12 ሳምንት በፊት እንስራ ማንሳት ወይም ሞፈር መጨበጥ ስፌቱን ሊበጥሰው ይችላል።

ጀሶው ውስጥ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ሌላ ሰው ጣቶቹን ሲዘረጋቸው ከጮኹ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ለነገ አይደርም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ታፍኖ የተያዘ ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ወጌሻ ቀርከሃ አጥብቆ ሲያስር እጅ የሚቆረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የደነዘዘ ጣት ሲቃጠል አያሳውቅም። ጀበናና ምጣድ በዚያ እጅ አይንኩ፣ የውሃ ሙቀት በሌላው ይፈትኑ፣ ጠዋትና ማታ ቆዳውን ይዩ። ላብ ስለማይወጣው ይሰነጠቃል፤ 10 ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይንከሩትና ቫዝሊን ይቀቡት።

እድገቱን ለመከታተል በ15 ቀን አንዴ ከጣት ጫፍ ተነስተው ወደ ጠባሳው በጣትዎ ቀስ እያሉ መታ መታ ያድርጉ። ወደ ጣቱ የሚነዝርበትን ቦታ በእስክርቢቶ ምልክት ያድርጉ፣ ከጠባሳው ያለውን ርቀት ከነቀኑ ይጻፉ። በወር 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሻገር አለበት። 3 ወር ሙሉ ከጠባሳው ፈቅ ካላለ ወረቀቱን ይዘው ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ወዳለው ሐኪምዎ ይመለሱ። ዓመት አይጠብቁ፤ ነርቭ ያልደረሰው ጡንቻ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ሙሽሽ ብሎ ይቀራል።

መንዘሩ ጣት ጫፍ ሲደርስ ሳህን ላይ ባቄላ፣ ሽንብራና ሳንቲም ያቀላቅሉ። ዓይንዎን ጨፍነው በቀን 3 ጊዜ፣ በየተራው 10 ደቂቃ ይለዩ። ሲቸገሩ ዓይንዎን ገልጠው ይዩት፣ እንደገና ጨፍነው ይዳስሱት፤ አእምሮው እንደ አዲስ የሚማረው እንዲህ ነው። ሕፃናት ቶሎ ይለምዳሉ። አዋቂ ላይ ግን አንጓው ላይ የተቆረጠ ነርቭ እንደ ድሮው አይሆንም፤ መርፌን በጨለማ ባያገኙም ሽንብራን ከባቄላ መለየት ከቻሉ ጥሩ ውጤት ነው።

ጡንቻው ጨርሶ ካልተመለሰ ደህናውን ጅማት አዙሮ የሚሰፋ ሌላ ቀዶ ሕክምና አለ። ለዚያ ግን መገጣጠሚያዎቹ መድረቅ የለባቸውም። ስለዚህ ጣቶቹ በራሳቸው ባይንቀሳቀሱም፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ጀምሮ በሌላው እጅ በየቀኑ እስከ መጨረሻው ያጥፏቸው፣ ይዘርጓቸው።