የቅዳሜውን ነገር ሐሙስ ይዛችሁ አትምጡ

ሐሙስ ከሰዓት ነው። አንድ ወጣት ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ዝም አለ። በመጨረሻ «ሲስተር፣ ቅዳሜ ማታ ከማላውቃት ልጅ ጋር አደርኩ። ያለ ኮንዶም ነው» አለኝ። እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ የት ነበርክ ስለው «ስልኬ ላይ ሳነብ ነበር» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ጤና ጣቢያ ውስጥ በነርስነትና በምክር አገልግሎት 13 ዓመት ሠርቻለሁ። እንደዚህ ልጅ ያለ ስንት ሰው እንደመጣ ቆጥሬ አልዘልቀውም። መሮጥ ባለባቸው ሰዓት ይቀመጣሉ፣ መጠበቅ ባለባቸው ሰዓት ይሮጣሉ። ብናደድም የምናደደው ስለማዝንላቸው ነው።

ሦስቱ ቀናት

ኤችአይቪ ይዞኝ ይሆናል ብሎ ለሚሰጋ ሰው፣ ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ሥር ሳይሰድ የሚከላከል መድኃኒት አለ። እኛ ፔፕ እንለዋለን። ለ28 ቀን በየቀኑ ይዋጣል። መጀመር ያለበት ግን ከግንኙነቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። የቅዳሜ ሌሊት ከሆነ ማክሰኞ ሌሊት ያበቃል ማለት ነው። እስከ ማክሰኞ ጊዜ አለኝ ማለት ግን አይደለም። በ2ኛው ሰዓት የጀመረና በ60ኛው ሰዓት የጀመረ ሰው እኩል አይደሉም። ሐሙስ ለመጣው ልጅ ግን ልሰጠው የምችለው ነገር አልነበረኝም። ከመጠበቅ በቀር።

ታዲያ ሰው በእነዚህ ሦስት ቀናት ምን ያደርጋል? ይታጠባል። በዴቶል፣ በሎሚ፣ አንዳንዱ በአረቄ። ይህ ቆዳውን ከመላጥ በቀር ምንም አይሠራም፤ የተላጠ ቆዳ ደግሞ ለበሽታ በር ነው። ለጓደኛው ይደውላል። ጓደኛው «አይዞህ፣ ልጅቷ ጤነኛ ነው የምትመስለው» ይለዋል። መልክ አይቶ ኤችአይቪ የሚለይ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ይጸልያል። ጸሎቱን አልቃወምም፣ እኔም እጸልያለሁ። መንገድ ላይም ይጸለያል። ከዚያ «ሰኞ ሥራ አለኝ፣ ማክሰኞ እሄዳለሁ» ይላል፤ ማክሰኞ ስብሰባ ይመጣል።

እባካችሁ እሁድ ጠዋት ሂዱ። የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እሁድም ሌሊትም ይሠራል። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥ ጤና ጣቢያ ቅርባችሁ ካለ እዚያ ጠይቁ። ታሪኩን ሁሉ ካርድ ክፍል ላይ ማውራት አያስፈልግም። ባለሙያው ፊት ስትደርሱ «ትናንት ማታ ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርጌያለሁ፣ ፔፕ ያስፈልገኝ እንደሆነ እዩልኝ» በሉ። ይበቃል። መድኃኒቱ ይገባችኋል አይገባችሁም የሚለውን ጠይቆና መርምሮ የሚወስነው እሱ ነው። አንዱ ጋ ፊት ቢነሷችሁ ሰዓቱ እየሄደ ነውና ሌላ ጋ ሂዱ። ከጀመራችሁ ደግሞ 28ቱንም ቀን ጨርሱ፤ አቅለሸለሸኝ ብለው በሳምንቱ የሚያቆሙ አሉ።

የተደፈረች ልጅ ደግሞ ፖሊስ ቃሌን እስኪቀበል ብላ አትጠብቅ። ሕክምናው ይቅደም። አዲስ አበባ ላይ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውንም፣ ምክሩንም፣ የሕጉን ጉዳይም አንድ ቦታ ላይ የሚያስጨርስ ማዕከል አለ።

በማግስቱ ተመርምሮ «ነፃ ነኝ» ማለት

ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ሰው ሰኞ ጠዋት መጣ። ጣቱን ወጋሁት፣ ውጤቱ ነፃ ሆነ። ደስ ብሎኝ «ነፃ ነህ» አልኩት። መቼ ግንኙነት እንዳደረገ አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም። ከሦስት ወር በኋላ ሲመለስ ውጤቱ ሌላ ነበር። በመሃል «ሲስተሯ ነፃ ነህ ብላኛለች» ብሎ እጮኛውን ያለ ኮንዶም ይገናኛት ነበር። ልጅቷ የዚያን ቀን ስትመረመር ነፃ ሆነች። ግን እርግጠኛ እስክንሆን ሌላ ሦስት ወር ጠበቅን። የእነዚያ ወራት ፊቷ እስከ ዛሬ አለብኝ። ከዚያ ወዲህ መርፌውን ከማንሳቴ በፊት የምጠይቀው «መቼ ነበር?» ብዬ ነው።

የጣት ምርመራው የሚፈልገው ቫይረሱን አይደለም። ሰውነታችን ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራውን ነገር ነው የሚፈልገው። ሰውነት ያን ለመሥራት ሳምንታት ይፈጅበታል። ይህን ጊዜ ዊንዶው ፔሬድ እንለዋለን። በማግስቱ የሚሠራ ምርመራ የሚናገረው ከዚያ ሌሊት በፊት ስለነበራችሁበት ሁኔታ ነው። እሱም ይጠቅማል፣ አድርጉት። ስለዚያ ሌሊት የመጨረሻውን መልስ የሚሰጠው ግን በሦስት ወሩ የሚደረገው ነው። ፔፕ የወሰደ ሰው ደግሞ የክትትል ቀኑን ባለሙያው ይነግረዋል። እስከዚያ ኮንዶም፣ ከትዳር አጋርም ጋር ቢሆን።

ቤት ውስጥ ራስን መመርመሪያውም ያው ነው፤ ቶሎ ከተጠቀማችሁበት ያታልላችኋል። «ቫይረሱ አለ» የሚል ውጤት ካሳያችሁም በአንድ ምርመራ አትፍረዱ። እኛም ሰውን አለብህ የምንለው በአንድ ምርመራ አይደለም።

ሌላም ዓይነት ሰው አለ። በሦስት ወሩ ተመርምሮ ነፃ ሆኗል። በአራተኛው ይመጣል። በስድስተኛው ወር ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል። በዓመቱ እኔ ጋ ተመልሶ «አንዴ ብቻ ሲስተር» ይላል። ለእነዚህ ልቤ ይራራል። የሚያስጨንቃቸው ደማቸው ሳይሆን ጸጸታቸው ነው። ደማቸው ከመለሰ ቆይቷል። የልባቸውን ለሚያምኑት ሰው፣ ለንስሐ አባት፣ ለሥነ ልቦና ባለሙያ ቢያወሩት ከአሥረኛው መርፌ ይሻላቸዋል።

ኤችአይቪ ብቻ አይደለም

ሰዉ የሚፈራው አንድ በሽታ ነው። ሌላውን ይረሳል። ጨብጥ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ራሱን ያሳያል፣ በተለይ ወንድ ላይ፤ ሽንት ያቃጥላል፣ መግል የመሰለ ፈሳሽ ይመጣል። ክላሚዲያ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሴቶች ላይ ግን ሁለቱም ምንም ምልክት ሳያሳዩ ውስጥ ለውስጥ ይሠራሉ። «ምንም አላመመኝም» ማለት መልስ አይሆንም።

ከሁሉ የሚያታልለው ቂጥኝ ነው። ብዙውን ጊዜ በ3 ሳምንት ገደማ፣ አንዳንዴ እስከ 90 ቀን ቆይቶ አንድ ቁስል ይወጣል። አያምም። በጥቂት ሳምንታት ራሱ ይድናል። ሰውየው ዳንኩ ይላል፤ በሽታው ግን ወደ ደሙ ገብቷል። አንዲት እርጉዝ ለመጀመሪያ ክትትል መጥታ ቂጥኝ ተገኘባት። እያለቀሰች «እኔ ከባሌ ሌላ ሰው አላውቅም» አለች። ባሏ ሲጠራ አቀርቅሮ ቆየና «ያኔ አንድ ቁስል ነበረች፣ ራሷ ጠፋች» አለ። በጊዜ ስለተገኘ ሁለቱም የፔኒሲሊን መርፌ ተወጉ። ባይገኝ ጽንሱን ሊገድለው ይችል ነበር።

የጉበት ቫይረስ ቢ ደግሞ ከኤችአይቪም በቀላሉ ይተላለፋል፣ ግን ክትባት አለው። ይህ ክትባት አገራችን ውስጥ ከሕፃናት ክትባት ጋር የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ አብዛኞቻችሁ አልተከተባችሁም። ቶሎ ከተጀመረ ከግንኙነት በኋላም ይጠቅማልና ጠይቁ።

ከፋርማሲ ሲፕሮ ገዝቶ መዋጥ

ሲፕሮ ባክቴሪያ የሚገድል ክኒን ነው፤ ጨብጥ ግን ከተላመደው ቆይቷል። ክኒኑ ማቃጠሉን ሊቀንስላችሁ ይችላል፤ በሽታው ግን እዚያው ይቀራል። ያን ይዛችሁ ሌላ ሴት ትነካላችሁ፤ እሷ ላይ የማህፀን ቱቦዋን ዘግቶ መካን ሊያደርጋት ይችላል። እኛ ጋ ብትመጡ ከወንድ ብልት ፈሳሽ ካለ ጨብጥንና ክላሚዲያን አንድ ላይ፣ በዚያው ቀን እናክማለን።

አንድ ባለትዳር ሕክምናውን ከጨረሰ በኋላ «ሲስተር፣ ለሚስቴ ቫይታሚን ነው ብዬ የምሰጣት ክኒን ስጪኝ» አለኝ። አልሰጠሁትም። አርግዛ ቢሆንስ? መድኃኒቱ የማይስማማት ቢሆንስ? ተቆጥቶ ሄደ። ወር ሳይሞላ ያንኑ ፈሳሽ ይዞ ተመለሰ። አሁንም ሚስቱን ሳያመጣ። በሦስተኛው ጊዜ ነው አብረው የመጡት። እሷ እንደፈራው አልጮኸችም። «ለምን ቶሎ አልነገርከኝም?» ብቻ ነው ያለችው። አብሮ የማይታከም ጥንድ እየተቀባበለ ይኖራል።

ጥቂት ደግሞ በአጭሩ። ፖስት ፒል እርግዝናን ይከላከላል እንጂ አንድም በሽታ አይከላከልም። እሱን ለመግዛት የምትሮጡ እህቶች፣ በዚያው እግራችሁ ስለ ፔፕም ጠይቁ። ኮንዶም ላይ ቫዝሊን አትቀቡ፤ ላስቲኩን ያሳሳዋል፣ ይቀደዳል። «ሙሉ ምርመራ አድርጌያለሁ» የምትሉ ደግሞ ወረቀቱን እዩት፤ የደም ቆጠራ፣ ሽንትና ሰገራ ከሆነ ኤችአይቪ እዚያ ውስጥ የለም። ለብቻው ተጠይቆና ፈቅዳችሁ ነው የሚሠራው።

አንድ ነገር ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም። ውጤቱን ለማወቅ ብሎ ደም ባንክ ሄዶ ደም የሚሰጥ ሰው አለ። ይህን የምታስቡ ካላችሁ እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። ዊንዶው ፔሬድ ላይ ያለ ደም ምርመራውን ሊያመልጥ ይችላል። ያ ደም የሚሄደው በወሊድ ደም ለሚፈሳት እናት ነው። ጤና ጣቢያ የኤችአይቪ ምርመራው ያለ ክፍያ ነው።

የመጨረሻው፣ ስልክ ነው። ከሰፈራችሁ ርቃችሁ መመርመራችሁን አልነቅፍም፣ ሰው ያየኛል የሚለው ፍርሃት ይገባኛል። ስማችሁን የምታውቅ ነርስ ካለች ሌላ ክፍለ ከተማ ሂዱ። ግን ትክክለኛ ስልክ ስጡ። አንዲት ልጅ ደሟን ሰጥታ «ነገ እመለሳለሁ» ብላ ወጣች። አልተመለሰችም። ቂጥኝ ነበረባት፤ በአንድ መርፌ ሊድን የሚችል። በሰጠችን ቁጥር ደወልኩ። አንድ አዛውንት አነሱና «ልጄ፣ ተሳስተሻል» አሉኝ። በማግስቱም ደወልኩ። እሳቸው ነበሩ።