ለሆርሞን ጤና የሚስማማ ቀለል ያለ የዶሮ አልጫ

ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም (ከኦቫሪ፣ ማለትም ከእንቁልጢ፣ ጋር የተያያዘ የሆርሞን መዛባት) አለባችሁ የተባላችሁ እህቶች፣ ዶሮ ወጥ እርም አይደለም። በዚህ ችግር ብዙ ጊዜ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን የኢንሱሊን መጠን ከፍ ይላል፤ ኢንሱሊን ሲበዛ ደግሞ ኦቫሪው ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንዴ ሆርሞን አብዝቶ እንዲያመነጭ ይገፋፋል። ፕሮቲንና ፋይበር ያለው ማዕድ ስኳር ወደ ደም በዝግታ እንዲገባ ያግዛል። መድኃኒት ግን አይተካም፤ የታዘዘላችሁን አታቋርጡ።

አንድ ኪሎ ያህል ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ብልት በሎሚና በጨው አጥሩ። አራት ራስ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ያለ ዘይት በዝግተኛ እሳት አቁላሉ። የወጡ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና አትቸኩሉ፤ ድስቱን ሊይዝ ሲል ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉ። ሽንኩርቱ ሟሙቶ የሚጣፍጥ ሽታ ሲያወጣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃዋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ አስከትሉ። ዶሮውን ጨምራችሁ አገላብጡ፤ ሙቅ ውሃ አድርጉና ከድናችሁ 40 ደቂቃ ያህል አብስሉት። ሥጋው ከአጥንቱ መላቀቅ ሲጀምር ካሮትና ቃሪያ ጨምሩ፤ ካሮቱ ሲለሰልስ ጨውና መከለሻ ነስንሳችሁ አውጡት።

ድንች ባይገባበት እመርጣለሁ፤ ከገባ እንጀራውን ቀንሱ። እንጀራውም ሩዝ ያልተደባለቀበት ጤፍ ቢሆን ይሻላል፤ ከጎኑ ጎመን በርከት አድርጋችሁ አቅርቡ፤ ለስላሳ መጠጡን ግን በውሃ ተኩት።