ያረጀ ፒካፕ፣ ፍሬኑና ዝገቱ፦ አዳማ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከአሰላ ድንች ጭኜ ወደ አዳማ ስወርድ፣ ኢተያን ካለፍኩ በኋላ የፍሬኑ ፔዳል ድንገት ለሰለሰ። ደግሜ ስረግጠው ወለሉን ነካ። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬን ቀስ እያልኩ እየሳብኩ፣ መንገድ ዳር የአፈር ክምር ላይ አስደግፌ አቆምኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ስሞክረው ፔዳሉ ጠንክሯል። ምንም እንዳልተፈጠረ! በማግስቱ ለሚሠሩልኝ አዛውንት መካኒክ ነገርኳቸው።

«የፍሬን ዘይቱን መቼ ቀየርከው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሁልጊዜ እሞላለሁ።»

«ስለ መሙላት ማን ጠየቀህ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ከመኪናዬ ሥር መተኛት የጀመርኩት። አሮጌ ፒካፕ ከእጃችን ቶሎ የሚወጣ አይመስለኝም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ያለን መኪና ይኸው ነው። ስለዚህ ሰው ሲሳሳት የማየውን፣ ራሴም የተሳሳትኩትን ልጻፍ።

«ጎድሏል፣ ሙላው»

የፍሬን ዘይት ደረጃው ቆርቆሮው ላይ ይጻፋል፤ ዶት 3ም ሆነ ዶት 4 ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ከአሰላ ወደ አዳማ ሲወረድ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ከፍታ ይቀነሳል፤ ያንን ሁሉ ጭነት በፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ ሰው የፍሬን ሸራውን፣ ማለትም ጎማውን ለማቆም የሚፋተገውን ክፍል፣ እና የሚገፋውን ፒስተን ያግላል፣ ሙቀቱም ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት ቢጫኑት አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል፣ ስለዚህ እግር የሚረግጠው ባዶ ነገር ነው። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። የእኔም ፔዳል «የዳነው» በዚህ ምክንያት ነው።

ያው ውሃ ሌላም ሥራ ይሠራል፦ ቧንቧውንና የኋላ ጎማ ፒስተኖችን ከውስጥ ያዝጋል። የዛገ ፒስተን ጎሚኒውን (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደውን ጎማ) ይፍቃል፣ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ሸራው ይርሳል። ብዙዎቻችን ዝገትን ከውጭ የሚመጣ ነገር አድርገን እናስባለን፤ ፍሬን ላይ ግን ከውስጥም ይጀምራል።

ዘይቱ በሁለት ዓመት አንዴ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ አየሩም በደንብ ይውጣ። ከጎደለ ደግሞ ከመሙላት በፊት ለምን ጎደለ ብሎ መጠየቅ ነው። ወይ ሸራው አልቆ ፒስተኑ ወደ ውጭ ወጥቷል፣ ወይ አንድ ቦታ ይፈስሳል። የኋላ ጎማዎችን በውስጥ በኩል በእጅ ዳሰስ ማድረግ በቂ ነው፤ እርጥበት ካለ ታምቡሩ (ሸራውን የሚሸፍነው ክብ ብረት) ይከፈት። በግማሽ ተከፍቶ ጋራዥ መደርደሪያ ላይ ወራት የቆየ ቆርቆሮ አይግዙ። የመሪ ወይም የሞተር ዘይት የሚጨምርም አይቻለሁ! ጎሚኒዎቹ ሁሉ ያብጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ ማጠብ አያድናቸውም።

«ባሌስትራ ጨምርበት»

ባሌስትራ ከኋላ ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ የላሜራ ሞላ ነው። እሱን በመጨመር የሚመጣውን ስህተት ብዙ ሰው አያውቀውም፣ መካኒኮችም ቸል ይሉታል። በብዙ አሮጌ ፒካፖች ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) ላይ፣ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘች ቫልቭ አለች። ጭነት ሲኖር የመኪናው ኋላ ዝቅ ይላል፣ ዘንጓ ትንቀሳቀሳለች፣ ቫልቯ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ትለቃለች። ባዶ ሲሆን የኋላ ጎማ ተቆልፎ መኪናው እንዳይዞር ግፊቱን ትቀንሳለች። ብልህ ነገር ናት።

አሁን መኪናው ከሚችለው በላይ አሥራ አምስት ኩንታል ሽንኩርት ከመቂ ለማምጣት ሁለት ሦስት ላሜራ ባሌስትራ እንጨምራለን። ኋላው ተነስቶ ይቀራል። ቫልቯ መኪናው ባዶ ነው ብላ ታስባለች፣ የኋላ ፍሬን ይደክማል፣ ሥራው ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል። የፊት ሸራ በየሦስት ወሩ የሚያልቅባችሁ ሰዎች «ሸራው ቻይና ነው» ከማለታችሁ በፊት ይህችን ዘንግ ተመልከቷት። ብዙ ጊዜ ደግሞ ባሌስትራ ባይጨመርም መጋጠሚያዋ ዝጎ ተጣብቆ ይገኛል፤ በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ካልተንቀሳቀሰች ሞታለች ማለት ነው። አንዳንዶች ፈትተው ይጥሏታል። ያኔ በዝናብ ቀን ባዶ መኪና ይዞ ፍሬን መርገጥ ምን እንደሚመስል ባይሞክሩት ይሻላል።

«ድንጋይ አስደግፈው»

የእጅ ፍሬን አይይዝም፣ ስለዚህ ድንጋይ። ረዳቱም ድንጋዩን ይዞ ይወርዳል። በብዙዎቹ አሮጌ የቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፖች ግን የኋላ ሸራ ሲያልቅ ክፍተቱን የሚያስተካክለው መሣሪያ የሚሠራው የእጅ ፍሬን ሲሳብ ነው። አለመጠቀም ማለት የእግር ፍሬኑም ፔዳል ቀስ በቀስ ወደ ታች እየራቀ ይሄዳል። ገመዱና ከታምቡሩ ጀርባ ያሉት ጉልበቶች ካልተንቀሳቀሱ ይዝጋሉ። በየቀኑ ይሳቡት። አበቃ።

«አዳማ ባሕር የላትም፣ መኪና አይዝግም»

እርግጥ በረዶ ለማቅለጥ አስፋልት ላይ ጨው የሚበትን የለንም። አሜሪካ ውስጥ የቶዮታ ፒካፕ ሻንሲዎች በዝገት ተበልተው ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2016 እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ ስምምነት የገባው በአብዛኛው ጨው ከሚበተንባቸው አካባቢዎች በመጣ ችግር ነው። እኛ ጋ ጨው የሚመጣው በካሶኒ፣ በጭነት ሳጥኑ፣ ነው። ማዳበሪያ እንደ ጨው ነው፤ ከረጢቱ ይቀደዳል፣ ዱቄቱ በካሶኒው ስንጥቅ ሻንሲው ላይ ይወርዳል፣ እርጥበት ስቦ ይቀመጣል። የከብት ሽንት እንዲሁ። ወደ መተሐራ የሚመላለሱ ደግሞ በሰቃ ሐይቅን ያውቁታል፤ ውሃው ጨዋማ ነው፣ ጭቃውም ከሥር ተለጥፎ ይደርቃል።

ላቫጆ ስንሄድ ጋቢናውና ቸርኬው ያበራል፣ ሥሩን ግን ማን ያየዋል? ወይም «ናፍጣ ርጭልኝ» እንላለን። ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ብረቱን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍን ይሆናል፤ የፍሬን ጎማ ቱቦዎችንና ጎሚኒዎችን ግን ያበላሻል፣ የአዳማን አቧራም እንደ ሙጫ ይይዛል። ከማዳበሪያ ጭነት በኋላ ንጹህ ውሃ በግፊት ከሥር ይለቀቅ። ሻንሲው ሥር ያሉትን ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ይክፈቱ፤ ጭቃ ሲደፍናቸው ሻንሲው ውስጡ ውሃ የያዘ በርሜል ይሆናል። ካሶኒው ላይ የሚነጠፈውን ጎማ አንስተው ያድርቁ። ከኋላ አክስል በላይ ሻንሲው የሚጎብጥበት ቦታና የባሌስትራው ማንጠልጠያ ቀድመው የሚበሉ ናቸው፤ የፍሬን ቧንቧውም የሚያልፈው በዚያው አጠገብ ነው።

«የፍሪጅ ቧንቧ ግጠምለት»

የዛገ የብረት ቧንቧ ሲፈነዳ ቁራጭ መዳብ በመሃል የሚቀጥሉ አሉ። ንጹህ መዳብ በመንቀጥቀጥ ይደክምና ይሰነጠቃል። የብረት ወይም ከመዳብና ኒኬል የተሠራ የፍሬን ቧንቧ ሙሉውን ይቀየር፣ ጫፉም እጥፍ ተደርጎ በማሽን ይገልበጥ።

«ሞተር አጥፍተህ ውረድ፣ ነዳጅ ይቆጥባል»

ሞተር ሲጠፋ ፔዳሉን የሚያግዘው ክፍል ለአንድ ሁለት እርግጫ የሚበቃ ጉልበት ብቻ ነው የሚቀረው። በብዙ አሮጌ የናፍጣ ቶዮታዎች ያንን ጉልበት የሚሰጠው ፓምፕ ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው፤ የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) ከተበጠሰም ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አምስቴ ረግጠው፣ እንደረገጡ ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ካልሰመጠ እገዛው የለም።

«ስቱኮ ይሸፍነዋል»

ስቱኮ (ቀዳዳና ጉድጓድ መድፈኛ ልጥፍ) የካሶኒ ጎን ላይ ምንም አይደለም። ሻንሲ ላይ ግን ወንጀል ነው። ሳሳ ያለ ብረት ላይ ላሜራ ለጥፎ መበየድም እንደዚያው፤ ብየዳው የሚይዘው ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ሲወጣ ነው።

ፒካፕ ልገዛ ስሄድ ትንሽ መዶሻ በኪሴ እይዛለሁ። ከሥሩ ጥቁር ቀለም ትናንት የተቀባ መኪና ከሆነ ገና ሳልተኛ እጠረጥራለሁ። ሻንሲውን መታ መታ አደርገዋለሁ፦ ጤነኛው ይጮኻል፣ የተበላው ድምፁ ድፍን ነው። አንድ ሻጭ መዶሻዬን ሲያይ «ወንድሜ፣ መኪና ነው እንጂ ከበሮ አይደለም!» አለኝ። ሻዩን ከፍዬለት መጣሁ።