የማክሰኞ ሌሊት የትኛው ነው? በረራ ስንቆጥር የምንሳሳተው

አክስቴ ባሕር ማዶ ያለች ልጇን ልታይ ትኬት ተቆረጠላት። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:40» ይላል። ያነበብሁላት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ጠዋት ሽሮዋን፣ በርበሬዋንና ዳቦ ቆሎዋን ቋጥራ ከብቸና ተነሣች። ማታ ቦሌ ስንደርስ አውሮፕላኑ ባለፈው ሌሊት ሄዷል። «ማክሰኞ ሌሊት አላልኸኝም?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ዋናው ስህተት ይኼው ነው፦ የትኬትን ሰዓት በእኛ ሰዓት ማንበብ። የእኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ የፈረንጁ በእኩለ ሌሊት። ስለዚህ «ማክሰኞ 00:40» በእኛ አፍ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:40 ነው። ሰኞ ማታ ቦሌ መገኘት ነበረብን። «07:00» ካለም ጠዋት 1 ሰዓት እንጂ ቀን 7 ሰዓት አይደለም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከትኬቱ ሰዓት 6 ቀንሱ፣ ከ7 ካነሰ ግን 6 ደምሩ። የወጣው 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ 12 ቀንሱለት። 22:30 ማታ 4:30 ይሆናል። እኔ አሁን ትኬቱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ «ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ» ብዬ በአማርኛ እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ የፊቱን የሚያየው ዘበኛው ብቻ ነው።

የመንገዱን ኪሎ ሜትር ለአውሮፕላን የሚሰጡም አሉ። ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። መኪናው ደጀን ሲደርስ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ይጠማዘዛል፣ ጎሃ ጽዮን ድረስ እያቃሰተ ይወጣል። በአየር ግን 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ታዲያ «አውሮፕላን በሰዓት 900 ይሄዳል፤ 22 ደቂቃ ይበቃናል» እንዳትሉ። ትኬቱ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚሰጠው። ሜዳው ላይ መንከባለል፣ ከፍታ መያዝ፣ ለማረፍ ተራ መጠበቅ ሁሉ ጊዜ ይበላል። በዚያ ላይ በአገር ውስጥ መስመር የሚበዛው ባለ ፕሮፔለሩ ነው፤ እሱ 900 አይደርስም።

የመነሻን ሰዓት ከመድረሻ ቀንሶ «ይህን ያህል በረርሁ» ማለትም ያሳስታል። በበጋቸው ወራት ከዋሽንግተን በእነሱ 11:00 የተነሣ ሰው፣ በማግሥቱ በእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ቦሌ ቢያርፍ 20 ሰዓት የበረረ ይመስለዋል። የ7 ሰዓት ልዩነቱን ስታነሡለት 13 ይቀራል። በክረምታቸው ልዩነቱ 8 ነው።

መሄጃና መመለሻውም እኩል አይደለም። ርቀቱ ያው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ነዳጅም ጭነትም ሞልቶ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል። ሲመለስ ሳያርፍ ይመጣል፤ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስም ከኋላ ይገፋዋል። ሊቀበላችሁ የሚመጣውን ሰው በመመለሻው ሰዓት አስልታችሁ አታስጠብቁት።

ለአክስቴ ሌላ ትኬት ተገዛ። ሰኞ ገና ከቀትር በፊት ቦሌ ነበረች፤ ነጠላዋን ተከናንባ እስከ ሌሊት ቁጭ አለች። በርበሬው ግን ከተፈቀደው ኪሎ አልፎ ግማሹ እኔ ቤት ቀረ።